ዶክተር ረፊቃ

ገንዳ ውሃ፣ ጥር መጀመሪያ

ይድረስ ለማከብርዎትና ለምወድዎት አባቴ፣

እንደምን ሰነበቱ? ጉልበትዎስ እንዴት አደረገዎት? ከዳባት ውርጭ ጋር ሲጣሉ ከርመው ይሆናል። እማዬስ ደህና ናት? ጎረቤታችን እማማ ታይቱስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። እዚህ ጥርም ሆኖ ሙቀቱ አልለቀቀንም፤ እናንተ ጋቢ ስትደርቡ የእኔ ጠመኔ በላብ እየራሰ እጄ ላይ ይቀራል።

ለገና ለምን እንዳልመጣሁ በስልክ ሲጠይቁኝ መንገዱን አሳበብኩ። መንገዱ ክፉ ቢሆንም አውቶቡስ ግን ነበረ። እውነተኛውን ምክንያት ለመናገር ስንት ጊዜ ደውዬ፣ እርስዎ ገና “ዶክተር!” ብለው ሲያነሱት ወሬ ቀይሬ ዘጋሁት። ስለዚህ ጽፌ ወደዚያ ለሚወጣ ሾፌር ልሰጠው ነው። እንዳይቆጡኝ አይደለም የምለምንዎት፤ እስከ መጨረሻው እንዲያነቡልኝ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ስምንተኛ ክፍል እንደያዝኩ ነግሬዎታለሁ። መጀመሪያ ላይ ክፍሉ ሙት ነበር። ጥያቄ ስጠይቅ ጣሪያ ያያሉ፤ ገሚሶቹ ለሰሊጥ አጨዳ ወጥተው አልተመለሱም፤ የተመለሱትም ወገባቸውን ይዘው ያንቀላፋሉ። ምን ባደርግ ይነቃሉ እያልኩ ስጨነቅ የእርስዎ ዘዴ ትዝ አለኝ። እርስዎ ተማሪዎችዎን ወደፊት በሚሆኑት ነበር የሚጠሯቸው፤ ፓይለት፣ ዳኛ፣ ኢንጂነር። እኔም አንድ ጠዋት ሁሉንም እያስነሳሁ ምን መሆን እንደሚፈልጉ ጠየቅሁና ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያው ጠራኋቸው። አባባ፣ ቢያዩት ደስ ይልዎት ነበር። ክፍሉ ነፍስ ዘራ። ኢንጂነር ኡመይር ስለው ኮሌታውን አስተካክሎ ነው ወደ ሰሌዳው የሚወጣው። የሚያንቀላፋ ጠፋ።

ረፊቃ የምትባል ልጅ አለች። ተራዋ ሲደርስ ከመጨረሻው ረድፍ ተነስታ፣ እንደ እናቷ መናኸሪያው በር ላይ ሻይ መሸጥ እንደምትፈልግ ተናገረች። ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። እውነቱን ልንገርዎት፣ ቶሎ ያላቆምኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ይኼማ ህልም አይባልም አልኩና፣ ሳትጠይቀኝ “ዶክተር ረፊቃ” አልኳት። ከሁሉም የሚበልጠውን ማዕረግ የሰጠኋት መስሎኝ ነበር።

ልጅቷ ሒሳብ ይከብዳታል። ፈተና ባረምኩ ቁጥር ዶክተሯ ሳተች፣ ዶክተሯ ወደቀች መባል ተጀመረ። እልህ ይዟት ታጠናለች ብዬ ዝም አልኩ። ይባስ ብዬ ኅዳር ላይ ወረቀቷን ስመልስላት፣ ሁሉም እየሰማ፣ “ዶክተር፣ ዛሬም በሽተኛውን ገደልሽው” አልኳት። ቀልዱ የእኔ አይደለም፤ ከማን እንደወረስኩት እርስዎ ያውቃሉ። ልጆቹ ተንከተከቱ። እሷ ወረቀቱን አጣጥፋ ደብተሯ ውስጥ ከተተችው። በማግስቱ አልመጣችም።

ነገሩ በዚህ ቢያበቃ ደግ ነበር። በዚያው ሰሞን ርዕሰ መምህራችን ጋሽ ያረጋል፣ ክፍሌን በምን እንዳነቃሁት ለባልደረቦቼ እንዳስረዳ ጠየቁኝ። ተነስቼ፣ ተማሪ የሚነቃው ሲከበር ነው እያልኩ ረጅም ንግግር አደረግሁ። ተጨበጨበልኝ። የረፊቃ ቦታ ባዶ መሆኑን እያወቅሁ ነው የተናገርኩት። ይህን ስጽፍልዎት እንኳ ፊቴ ይግላል።

የሚኒስትሪ ፈተና ምዝገባ ሊዘጋ ሲል እናቷን ፍለጋ መናኸሪያ ሄድኩ፤ ካልተመዘገበች ዓመቷ መቃጠሉ ነው። እናቷ ረቢዓ ዕድሜዋ ከእኔ ብዙ አይርቅም። ማን መሆኔን ስነግራት ከበርጩማዋ ብድግ ብላ በእሱ ላይ አስቀመጠችኝ፤ ዝንጅብል ያለበት ሻይ ቀድታ በሁለት እጇ ሰጠችኝ። ልጄን ዶክተር የሚሏት እርስዎ ነዎት ወይ ብላ እጄን ልትስም ጎንበስ አለች። ሾፌሩም ተሸካሚውም ዶክተሯ ደህና ናት ወይ እያለ እንደሚጠይቃት በኩራት አወራችኝ። ልጇ በየጠዋቱ ዩኒፎርሟን ለብሳ እንደምትወጣም ነገረችኝ። ከዚያ ደንገጥ ብላ ምነው፣ አጠፋች እንዴ አለችኝ። ለሰላምታ ነው የመጣሁት አልኳት። ሻዩን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ረፊቃ የት እንደምትውል የነገረኝ ኡመይር ነው። ከከተማው መውጫ ካለ መጋዘን ውስጥ፣ ሰሊጥ ከሚያበጥሩ ሴቶች መሀል አገኘኋት። ዩኒፎርሟን በፌስታል ጠቅልላ ከአጠገቧ አስቀምጣለች፤ ቅንድቧ ሳይቀር አቧራ ለብሷል። ምዝገባው ሊያልፍሽ ነው አልኳት። ወንፊቷን ሳታቆም መለሰችልኝ፦

“ቲቸር፣ ተፈትኜ ከወደቅሁ እናቴ ሰው ፊት ታፍራለች። ካልተፈተንኩ ግን አልወደቅሁም።”

አባባ፣ እዚያው ጆንያ ላይ ተቀመጥኩ። ያለችው ነገር ለእኔ አዲስ አልነበረም፤ እኔም ለገና የቀረሁት እንዲሁ ብዬ ነው። ይቅርታ አድርጊልኝ ብላት የምቀልድባት መስሏት ቀና ብላ አየችኝ። የለመነችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእናቷ እውነቱን እኔው እንድነግርላት።

ነገርኳት። ማዕረጉን ያወጣሁት እኔ እንጂ ልጇ እንዳልሆነች፣ ልጇ የተመኘችው እሷን መሆን እንደነበረ፣ እኛም በዚያ እንደሳቅንባት፣ አንድም ሳላስቀር ነገርኳት። ረቢዓ አንዷን ብርጭቆ ስታደርቅ፣ ስታደርቅ ቆየች። መጨረሻ ላይ፣

“እንግዲያው በስሟ ጥሪያት፤ ወላሂ፣ ስም አውጥቼላታለሁ” አለችኝ።

እርስዎ ስትለኝ የቆየችው ሴት አንቺ ያለችኝ ያን ጊዜ ነው። አልከፋኝም።

በማግስቱ ጥፋቴን ለክፍሉ ተናገርኩና ሁሉንም በየስማቸው ጠራኋቸው። ረፊቃ መጥታለች፤ ተመዝግባለችም። ታልፋለች ብዬ ግን አልዋሽዎትም። አሁን ምን ትሆናላችሁ ማለቱን ትቼ፣ ምን ከበዳችሁ እያልኩ ነው የምጀምረው። ትናንት ሬሾ ሳስተምር በሻይና በስኳር አስረዳሁ። እጇን አላወጣችም፤ ነገር ግን ከንፈሯ መልሱን ከእኔ ቀድሞ ሲል አይቻለሁ።

አሁን የእኔንና የእርስዎን ልናገር። ባለፈው ፋሲካ እማማ ታይቱ የደም ግፊት ክኒናቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው አምጥተው፣ ጠዋት ነው ማታ የምውጠው ብለው ሲጠይቁኝ፣ እርስዎ ወደ በሩ ነበር የሚያዩት። እኔም እንደ ሐኪም ክኒኑን አገላብጬ አየሁና ማታ አልኳቸው። ለሰፈሩ ምን ብለው እንደነገሩ ያን ጊዜ አልጠየቅሁዎትም፤ አሁንም አልጠይቅም። ወድደውኝ እንደሆነ አውቃለሁ። ብቻ ከዚያን ቀን ወዲህ የቤታችንን በር ማለፍ ፈራሁ።

አባባ፣ እኔ አባቴ አስተማሪ ነው ማለት አሳፍሮኝ አያውቅም።

ጉልበትዎን ይማርልኝ፤ ዕድሜዎን ያርዝምልኝ። እማዬን በእኔ ፈንታ ሳሙልኝ። ከፈቀዱልኝ ለፋሲካ እመጣለሁ።

አክባሪ ልጅዎ

ይህን አንብበው ሲጨርሱ አያሳድሩት። እማማ ታይቱ ዘንድ ይሂዱና፣ ክኒኑን ጤና ጣቢያ ወስደው ሐኪም እንዲጠይቁ ይንገሩልኝ። ልጅዎ ነግራኝ የለም ወይ ካሉዎት፣ ልጄ አስተማሪ ናት ይበሏቸው።