ማጋዚን ማለት መጋዘን

ሰኞ፣ ኅዳር 1

ከስንት ቀን በኋላ ውኃ መጣ። ልብስ አጠብኩ፣ ጀሪካን ሞላሁ... ከዚያ እየሮጥኩ ወደ ማታ ተማሪዎቼ፣ ስምንተኛ ክፍል። የዛሬው የእንግሊዝኛ ትምህርት የጋዜጣና የመጽሔት ቃላት። ለማሳያ የሚሆን ጋዜጣ ፍለጋ ቡታጅራን ዞርኩ፣ የሚሸጥ የለም። መደርደሪያዬ ላይ ያነጠፍኩትን አሮጌ ጋዜጣ ላጥኩና ይዤ ሄድኩ፣ ዘይት እንደነካው።

"ማጋዚን ማለት ምንድን ነው?" አልኩ። እትዬ ሰፍያ እጃቸውን አወጡ። በርበሬ ነጋዴዋ፣ ከተማሪዎቼ ሁሉ በዕድሜ ትልቋ።

"መጋዘን!"

ክፍሉ አውካካ። እኔም ሳቅኩ። አልበቃ ብሎኝ ደግሞ "ታዲያ ስንት ኩንታል ይይዛል?" አልኳቸው።

ደብተራቸውን ከደኑ።

ረቡዕ፣ ኅዳር 3

እትዬ ሰፍያ የሉም። ትናንትም አልመጡም አሉኝ። ጉንፋን ይሆናል... ጉንፋን ነው? ማንን ነው የማታልለው?

ሰኞ፣ ኅዳር 8

ዛሬም የሉም። ሌላም ነገር አለ፤ ስጠይቅ እጅ የሚያወጣ ጠፋ። ራሴ ጠይቄ ራሴ መለስኩ። ዑመይርን፣ ያንን አፉ የማያርፈውን አናጢ፣ "አንተስ?" ስለው "ይቅርብኝ ቲቸር፤ ስንት ኩንታል ትይኛለሽ" አለ። ማንም አልሳቀም።

ሬከርድ ቢሮ ጠየቅኩ። ሁለት ሳምንት የቀረ ስሙ ይሰረዛል፣ የእሳቸው ቀን የፊታችን ሰኞ ይሞላል። ከተሰረዙ የዘንድሮው የስምንተኛ ክፍል ፈተና የለም። ቅጻቸውን አየሁት። ትምህርት ያቋረጡት፦ ስምንተኛ ክፍል፣ ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት። ምክንያት፦ ጋብቻ።



ሐሙስ፣ ኅዳር 11

ቃሉን ትልቁ መዝገበ ቃላት ላይ ፈለግኩት። ጥፋቴን የሚያቀልልኝ ነገር ፈልጌ ይሆናል። ጭራሽ አባሰው! ማጋዚን ዘሩ ዐረብኛ ነው፣ መኽዘን፣ የዕቃ ማከማቻ። መጽሔትንም እንደ ጽሑፍ ማከማቻ ቆጥረው ነው ስሙን ያወጡለት። የእኛው መጋዘንም የዚያው ዘመድ።

እኔ እንግሊዝኛ ተምሬ የተመረቅኩት ይህን አላውቅም። አይ ትርሲት! በሰው መሳቁንስ ማን አስተማረሽ?

ቅዳሜ፣ ኅዳር 13

ሄድኩ። ሱቃቸው ውስጥ በርበሬ እያስመዘኑ ነበር። እያስነጠስኩ "አሰላሙ አለይኩም" አልኩ።

"ወአለይኩም ሰላም። ግቢ ልጄ።"

ስለ ቃሉ ሁሉንም ነገርኳቸው፣ መልሳቸው ልክ እንደነበረ። ደስ የሚላቸው መስሎኝ ነበር። በርበሬውን እያገላበጡ ሰሙኝና፣

"እኔ የቃሉን ዘር ምን አውቄ? ይመሳሰላል ብዬ ነው እንጂ። ተሳስቼ ቢሆን ኖሮስ... ትመጪ ነበር?"

ዓይኔን ወደ ሚዛኑ አዞርኩ።

"ልጆቹ ይሳቁ፣ ልጆች ናቸው። አንቺ ግን አስተማሪዬ ነሽ።"

"አፉ ይበሉኝ፣ እትዬ ሰፍያ።"

"እዚህ ማን ይሰማሻል፣ በርበሬው? የሳቅሽብኝ እዚያ ነው።"

እውነታቸውን ነው። ግን አርባ ተማሪ ፊት? ከዚያ በኋላ ማን ያከብረኛል?

እሁድ፣ ኅዳር 14

ቅዳሴ ላይ ቆሜ ሐሳቤ ሁሉ እዚያ ክፍል።

ሰኞ፣ ኅዳር 15

መጡ! በሩ አጠገብ ተቀመጡ። ደብተር አላወጡም። ሊሰሙኝ እንጂ ሊማሩ አልመጡም፤ ገባኝ።

"የዛሬ ሁለት ሳምንት እትዬ ሰፍያ ላይ ቀልጃለሁ። የመለሱት ልክም ይሁን ስህተት፣ ነውሩ የእኔ ነው። እዚህ ስለሳቅኩ እዚህ ይቅርታ እጠይቃለሁ።"

ስለ ዐረብኛው ትንፍሽ አላልኩም።

እትዬ ሰፍያ "አፉ ብያለሁ። በይ አሁን አስተምሪ፣ እየመሸ ነው" አሉና ደብተራቸውን ከቦርሳ መዘዙ።

ሰብስክራይብ ምንድን ነው አልኩ። ዑመይር "ዩቲዩብ ላይ ደወሏን መጫን!" አለ፤ ራሱ ቀድሞ ሳቀ። ኤዲተር ስል ከኋላ አንዷ "ሒሳብ የሚመረምረው!" አለች፣ ኦዲተር መስሏት። ሄድላይን ስል እትዬ ሰፍያ እጃቸውን አወጡ።

"ራስ ምታት ነው?"

ቀረብ ብለዋል አልኳቸው፣ ራስ የሚለውን አግኝተዋል። ከጎናቸው የተቀመጠው ደግሞ ሌላ ሞከረ፣ እሱም ሳተ።

ቆጠርኩ። ዛሬ ሰባት ሰው ተሳሳተ። ሁለት ሳምንት ሙሉ አንድ ሰው እንኳ አልተሳሳተም ነበር።