መንጋጋውን ያነሣሁበት ቦታ

ለምወድሽ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽ እማዬ? ወገብሽስ እንዴት ነው፣ አሁንም ከስፌት መኪናው ስትነሺ «እህ» ያሰኝሻል? ዓይንሽስ? መርፌውን ይዘሽ ክር አስገቢልኝ ብለሽ ስትጣሪ ማን እየደረሰልሽ ይሆን እያልኩ አስባለሁ። እኔ በአካሌ ደህና ነኝ፤ ፀሐዩ አፍንጫዬን ልጦታል እንጂ ሌላ ሕመም የለኝም። ልቤ ግን ደህና አልሰነበተም። ለአባባ ስታነቢለት ከዚህ በታች ያለውን እለፊው ብልሽም እንደማታልፊው አውቃለሁ።

አሥር የሳይንስ ተማሪዎች ነን። ደረቅ ወንዝ ዳር ድንኳን ተክለን ቅሪተ አካል፣ ማለት ዘመን ቆይቶ ድንጋይ የሆነ የእንስሳ አጥንት፣ በገዛ እጃችን መፈለግ እየተማርን ነው። በአንድ መስመር ተሰልፈን፣ መሬት መሬት እያየን ዳገቱን እንወጣለን። ሕጉ አንድ ነው፦ ያገኘ ሰው አይነካም። ትንሽ ቀይ ባንዲራ አጠገቡ ይተክላል፣ ቦታው ተለክቶ መዝገብ ላይ ይሰፍራል፣ ከዚያ በኋላ ነው የሚነሣው። አንቺ የሰው ልብስ ከመተርተርሽ በፊት በጠመኔ እንደምታሰምሪው ማለት ነው። ከየትኛው አፈር እንደወጣ ካልታወቀ ዕድሜው አይታወቅም፤ ዕድሜው ያልታወቀ አጥንት ደግሞ የጠረጴዛ ጌጥ ነው።

ሐሙስ ጠዋት መንጋጋ አገኘሁ። አውራ ጣቴን የሚያክል፣ ጥቁር፣ ሁለት ጥርስ ያለው። እጄ ከዓይኔ እንደሚቀድም ታውቂያለሽ፤ ስንት ጊዜ ስፒልሽ ወግቶኛል። አነሣሁት። የቆየ አጥንት ምላስ ላይ ይጣበቃል ብለውን ስለነበር ምላሴን አስነካሁት፤ ጥብቅ አለ። ከደስታዬ ብዛት ዘወር ስል አፈሩ ከእግሬ ሥር ተናደና እስከ ታች ተንሸራተትኩ። ቀና ስል ዳገቱ ሁሉ አንድ ዓይነት ሆነብኝ። ቦታው ጠፋኝ። ሰው ሳይደርስ ሮጬ ወጣሁና ይሆናል ባልኩበት ላይ መንጋጋውን እንዳልተነካ አስቀምጬ ባንዲራዬን አጠገቡ ተከልኩ።

አስተማሪያችንን «ጋሽ ወንፊት» ነው የምንላቸው፤ ሳያበጥሩ የሚያምኑት ነገር የለም። ያን ቀን ግን አመኑኝ። የድንኳን ጓደኛዬ ባለሜትሯ ቦታውን ለካች፣ ባንዲራው ተነቀለ፣ የቀረውን አጥንት ፍለጋ በእሷ ልኬት መቆፈር ተጀመረ። ሦስት ቀን ሙሉ ቆፈርን፣ ነፋን። ከጠጠር በቀር ምንም የለም። ወንፊቱን ስነቀንቅ ላቤ የሚወርደው ከፀሐዩ ብቻ አልነበረም።

እሁድ ምሳ ላይ ጋሽ ወንፊት አፈሩ ነጭ፣ መንጋጋው ጥቁር፣ አጥንት ደግሞ የተቀበረበትን አፈር ቀለም ይይዛል፣ ስለዚህ ልኬቱ ተሳስቷል አሉ። በሰው ሁሉ ፊት ባለሜትሯን ነገ በመኪናው ትመለሻለሽ አሏት። እሷ አላለቀሰችም፤ ሜትሯን ይዛ ደጋግማ ለካች። ቁጥሬ ልክ ነው፣ አንቺ አጠገቤ ነበርሽ አይደል ስትለኝ ሳህኔን አንሥቼ ወደ ወጥ ቤቱ ድንኳን ሄድኩ። እማዬ፣ እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሻንጣዋ ተጫነ፣ ሞተሩ ተነሣ። ከመኪናው ፊት ቆምኩና ሁሉንም ተናገርኩ። ጋሽ ወንፊት አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻለኝ ነበር። ታዲያ ከየት ነው ያነሣሽው ብለው ብቻ ጠየቁኝ። አላውቅም አልኩ። ሻንጣዋን ራሳቸው አወረዱ። ከዚያ መንጋጋው ያለበትን ትንሽ ሣጥን ሰጡኝና ወረቀቱን በእጄ እንድሞላ አዘዙኝ። ያገኘው ሰው በሚለው ላይ ስሜን ጻፍኩ። የተገኘበት ቦታ በሚለው ላይ «አይታወቅም» ብዬ ጻፍኩ። ያቺን ቃል ለመጻፍ የፈጀብኝን ጊዜ አትጠይቂኝ።

አላባረሩኝም፤ ግን ከሰልፉ ወጥቼ ሜትር ጎታች ሆኛለሁ። ባለሜትሯ አንድ ጫፍ ትይዛለች፣ እኔ ሌላውን። ከትናንት ጀምሮ ቃል አልተነፈሰችልኝም።

አባባን ጉልበቱን ስሚልኝ። ታናሽ እኅቴን ስፒልሽን እንዳትነካ፣ ብትነካም ወዲያው እንድትናገር ንገሪልኝ። አክስቴን፣ ከጎናችን ያሉትን ጫማ ሰፊውንና ባለቤታቸውን በያሉበት ሰላም በይልኝ። አንቺን ደግሞ ዓይን ዓይንሽን እስማለሁ።

እጅሽ ላይ ያደገችው ልጅሽ

ማክሰኞ፣ ግንቦት 6
የተጻፈበት ቦታ፦ ከደረቁ ወንዝ ዳር፣ ከወጥ ቤቱ ድንኳን በስተግራ በኩል ሦስተኛው ድንኳን፣ ከበሩ አንድ ሜትር ከአርባ ወደ ውስጥ። የለካችልኝ ባለሜትሯ ናት፤ ቁጥሩንም በአፏ ነገረችኝ።