ሳይቆረጥ የዳነው ሹፌር

ለከተማ አውቶቡስ ድርጅት የጤናና ደኅንነት ኮሚቴ
ለክቡር ሰብሳቢው
ባሉበት

ጉዳዩ፦ በቅጽዎ ላይ ምልክት የሚደረግበት ሳጥን ያጣ አንድ ጤነኛ ሰውን ይመለከታል

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎም፣ ቤተሰብዎም፣ በስብሰባ አዳራሹ ራስ ላይ ያለችው ያቺ ለስላሳ ባለመደገፊያ ወንበርዎም በሙሉ ጤንነት እንድትገኙ ከልብ እመኛለሁ። እኔ የአሥራ አራት ቁጥር አውቶቡስ ሹፌር የመጀመሪያ ልጅ ነኝ፤ ተሳፋሪዎች በአነዳዱ የተነሣ “ጋሽ ቀስታ” የሚሉት ሰው ማለት ነው። ባለፈው ዓመት በስታቲስቲክስ ተመርቄ ሥራ በመፈለግ ላይ ስለምገኝ፣ ጊዜውም ወረቀቱም የመቁጠር ፍቅሩም ስላለኝ፣ ኮሚቴዎ ለቤተሰባችን የዋለውን ውለታ አንድ በአንድ ቆጥሬ በአደባባይ ላመሰግንዎ ተነሥቻለሁ።

ነገሩን ለማያውቅ አንባቢ በአጭሩ ላስረዳ። ከስድስት ወር በፊት አባቴ ቀይ መብራት ላይ ቆሞ ሳለ መሪውን እንደያዘ እንቅልፍ ሸለብ አደረገው። መብራቱ አረንጓዴ ሆኖ ተመልሶ ቀይ እስኪሆን አውቶቡሱ ንቅንቅ ባለማለቱ ተሳፋሪዎቹ አጨብጭበው ቀሰቀሱት። ማንም አልተጎዳም፣ ማንም አልከሰሰም። አባቴ ግን እዚያው ጥግ ይዞ አቁሞ፣ ተተኪ ሹፌር አስጠርቶ፣ በገዛ እግሩ ቢሮዎ ድረስ መጥቶ “መሪ ላይ ተኝቻለሁና ሳልመረመር እንዳታስነዱኝ” ብሎ አመለከተ። በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎቱ በራሱ ላይ ያቀረበው የመጀመሪያ ክስ ነው።

ሐኪም ቤት ሽቦ ተለጣጥፎበት አንድ ሌሊት ካደረ በኋላ በእንቅልፍ ላይ ትንፋሹ በሰዓት ሠላሳ አራት ጊዜ እንደሚቋረጥ ታወቀ። ሲተኛ ጉሮሮው ይላላና የአየሩን መንገድ ይዘጋል፤ ይታፈናል፣ ሳይታወቀው ይባንናል፣ ደግሞ ይታፈናል፤ ጠዋት የሚነሣው ሌሊቱን ሙሉ ድንጋይ ሲሸከም እንዳደረ ሰው ሆኖ ነው። እናቴ ለዓመታት በክርኗ ስትጎስመው የኖረችው ማንኮራፋቱን ለማስቆም ብቻ መስሏት ነበር፤ ለካስ ትንፋሹን ስትመልስለት ኖራለች።

ከዚህ በኋላ የተቀበልናቸው ደግነቶች የሚከተሉት ናቸው።

1. በመጀመሪያ ስለ ቅጽዎ አጭርነት ምስጋናዬ ይድረስዎ። ሌላው መሥሪያ ቤት ስንት ገጽ በሚያስሞላበት ዘመን የእርስዎ ኮሚቴ የሰውን ልጅ ጉሮሮ በሁለት ሳጥን ጠቅልሎታል፦ “ቀዶ ሕክምና ተደርጎለታል” እና “ቀዶ ሕክምና አልተደረገለትም”። ከሥሩም “በሥራ ሰዓት ያንቀላፋ ማንኛውም የድርጅቱ ሠራተኛ የመጀመሪያው ሳጥን ምልክት ሳይደረግበት ተሽከርካሪ አይነዳም” ይላል። ሳይቆረጥ የተሻለው ሰው የት ላይ ምልክት እንደሚያደርግ ጸሐፊዎን ብጠይቃት፣ ቅጹን ገልብጣ ጀርባውን አየችልኝና “እኔ እንጃ እህቴ፣ እስካሁን እንዲህ ድኖ የመጣብን የለም” አለችኝ። ሳናስፈቅድ በመዳናችን ላደረስነው መጉላላት ቤተሰባችን ይቅርታ ይጠይቃል።

2. የአባቴ ሐኪም ቢላዋ አላነሣችም። ቀዶ ሕክምና ለሚያስፈልገው ሰው ደግ ነገር መሆኑን አልካደችም፤ ለእሱ ግን ሌላ መንገድ እንዳለ ነገረችን። ፊቱ ላይ በሚጠለቅ ጭምብል በኩል አየር በቀስታ እየገፋ ጉሮሮው እንዳይከደን የሚያደርግ ትንሽ ማሽን በውሰት ሰጠችው። በጀርባው ሳይሆን በጎኑ እንዲተኛ፣ ምሽት ላይ መጠጥና የእንቅልፍ ኪኒን እንዳይነካ፣ ክብደትም እንዲቀንስ አዘዘችው። በሽታው ቀለል ላለለት ሰው ደግሞ የጥርስ ሐኪም የሚሠራው፣ የታችኛውን መንጋጋ ወደ ፊት ስቦ የሚይዝ የአፍ ውስጥ መግጠሚያ እንዳለ አጫወተችን (ይህን ለምን እንዳነሣሁት ወደ መጨረሻው ይገባዎታል)። እናቴ ከፒጃማው ጀርባ ላይ የቴኒስ ኳስ ሰፋችበት፤ በጀርባው በተንጋለለ ቁጥር ይቆረቁረውና ይገለበጣል። መጀመሪያ ላይ ጭምብሉን እንደ ጠላት ነበር የሚያየው፤ ታናሽ ወንድሜም “አባዬ፣ ጨረቃ ላይ ስትደርስ ደውልልን” እያለ አበሳውን አበዛበት። ዛሬ ያለ ጭምብሉ ጋደም እንኳ አይልም። ዘጠኝ ኪሎ ቀንሷል፣ ሠላሳ አራቱ ወደ ሦስት ወርዷል፣ እናቴም ክርኗን በጡረታ አሰናብታለች። ሐኪሟ “ማሽኑን እስከተጠቀመ ድረስ መንዳት ይችላል” ብላ ጽፋ ፈርማለች። ይህ ሁሉ በእርስዎ ቅጽ ሲተረጎም “አልተደረገለትም” ነው።

3. ስለ ምደባ ጥበብዎ። ቀን ቀን እንቅልፍ ያስቸግረዋል ተብሎ ከመሪ የተነሣውን ሰው እስኪድን ድረስ የዴፖው በር ጥበቃ አድርገው መደቡት። የሚያንቀላፋን ሰው ዘብ ማቆም ከእርስዎ በቀር ለማን ይታየዋል? ችግሩ፣ ሰውየው ዳነ። አሁን ከአራቱ ጥበቃዎች ዓይኑን ገልጦ የሚውለው እሱ ብቻ በመሆኑ ባልደረቦቹ ተማርረዋል፤ አንጋፋው ጥበቃማ “አንተ ሰውዬ፣ ምናለ ትንሽ እንኳ ሸለብ ብታደርግ! አሳጣኸን እኮ!” ብለው ወቅሰውታል። የበሩ መዝገብም አባቴ እጅ ከገባ ወዲህ እውነት መጻፍ ጀምሯል፤ የትኛው አውቶቡስ ስንት ሰዓት እንደወጣ፣ እርስዎ ራስዎ የሚነዷት ነጭ መኪና ስንት ሰዓት እንደገባች ሰፍሮበታል። ስለ ሰዓቱ አላነሣም፤ ጨዋ ቤተሰብ ነን።

4. ስለ አደማመጥዎ። ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ከምሳ በኋላ፣ አባቴ ኮሚቴው ፊት ሲቀርብ ወረቀት ያዥ ሆኜ ተከትዬው ነበር። ማሽኑ የእያንዳንዱን ሌሊት አዳር ስለሚመዘግብ የዘጠና አንድ ሌሊት መረጃ በሦስት ቀለም ግራፍ ሠርቼ አቀረብኩ፤ አንድም ሌሊት አልዘለለም። አንድ የኮሚቴ አባል “ግራፉስ ያምራል፣ የቀዶ ሕክምናው ወረቀት የታለ?” አሉ። እርስዎ ግን ዓይንዎን ጨፍነው፣ አገጭዎን ደረትዎ ላይ አሳርፈው፣ በታላቅ ተመስጦ አዳመጡኝ። በነገራችን ላይ ለድርጅትዎ የመረጃ ባለሙያነት ያስገባሁት ማመልከቻ መሳቢያ ውስጥ ከተኛ አምስት ወሩ ነው፤ ትንፋሽ እንዳለው እንኳ አንድ ሰው ጎንበስ ብሎ ቢያዳምጥልኝ ደስ ይለኛል። ከዚህ ደብዳቤ በኋላ የመቀጠር ዕድሌ ምን ያህል እንደሚጨምር በቁጥር ለማስላት ሞክሬ ትቼዋለሁ።

5. ይህ ቁጥር ባዶ የቀረው አባቴ “እሱን እንኳ ከደብዳቤው ውስጥ አታስገቢው ልጄ፣ ሰው አይዋረድ” ብሎ ስለለመነኝ ነው።

6. የመጨረሻው ውለታዎ ከሁሉ ይከብዳል። የቀዶ ሕክምና ማስረጃ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልቀረበ የአባቴ መደብ ለሌላ ሹፌር እንደሚሰጥ ጽፈውልናል፤ ኮሚቴው ከዚያ በፊት ለመጨረሻ ጊዜ የሚሰበሰበውም የፊታችን አርብ ነው። አባቴ ወደ ሐኪሟ ተመልሶ “ቁረጪኝና ይለይልኝ” ቢላት “እኔ የማክመው በሽታ እንጂ ቅጽ አይደለም” ብላ መለሰችው። እሱም ሳይነግረን ሌላ ክሊኒክ ፈልጎ ከአርቡ ስብሰባ በኋላ ላለው ማክሰኞ ቀጠሮ ይዞ መጣ። እናቴ ስታለቅስ “ምን አለበት፣ ጉሮሮ ይጠግጋል፤ መሪዬ ካመለጠኝ ግን አይመለስም” አላት። ክቡር ሆይ፣ እዚህ ላይ ቀልዴ አለቀብኝ፤ ይህቺን አንድ መስመር እንደተጻፈች ያንብቡልኝ። አባቴ ደኅና ነው፤ ለአንድ ማኅተም ሲል ግን ጉሮሮውን ሊቆረጥ ነው።

የምለምንዎ አንድ ሳጥን ብቻ ነው። “ያለ ቀዶ ሕክምና፣ በሐኪም ክትትል ደኅና ሆኗል” የሚል፣ ከጎኑ የሐኪም ፊርማና የማሽኑ መዝገብ የሚያያዝበት። አርብ ጠዋት ማስመሪያና እስክሪብቶ ይዤ በር ላይ እገኛለሁ፤ ጥበቃው ያውቀኛል።

በቅጽዎ ስፋት የምትደነቅ፣ በወንበርዎ ምቾት የማትቀና፣ የድርጅትዎ የወደፊት ሠራተኛ ለመሆን አሁንም ተስፋ ያልቆረጠች፣
የጋሽ ቀስታ ልጅ

ድኅረ ጽሑፍ፦ አምስተኛውን ቁጥር ከደብዳቤው ውስጥ እንደማላስገባው ለአባቴ ቃል ገብቼለታለሁ፤ ይህ ከፊርማዬ በታች ስለሆነ ደብዳቤው ውስጥ አይደለም። አውቆ የተኛን ቢቀሰቅሱት አይሰማም ይባላል፤ እርስዎ ግን በዚያ ስብሰባ ላይ አውቀው አልተኙም። ያንኮራፋሉ፣ ጸጥ ይላሉ፣ ከዚያ እንደታፈነ ሰው ይባንናሉ፤ ደግሞ ይጀምራሉ። የተማርኩት መቁጠር ነውና በአሥራ ሁለት ደቂቃ ሰባት ጊዜ ቆጠርኩ። የኮሚቴው አባላት ሳቃቸውን በእኔው ግራፍ ሲሸፍኑ ያልሳቀው አባቴ ብቻ ነበር፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ “ሰውዬው እንደኔው ታሞ ነው፤ ሳታሳፍሪ ቀስቅሺው” አለኝ። ያኔ የውሃው ብርጭቆ ከእጄ የወደቀው በስሕተት አልነበረም። ማታ ማታም አባቴ የዴፖውን በር ከመክፈቱ በፊት የመኪናዎ መስኮት ላይ ጎንበስ ብሎ “ጌታዬ፣ ደክሞዎታል፤ ዛሬስ ሹፌር ላስጠራልዎ?” የሚለው ሊሸነግልዎ መስሎዎት ከሆነ ተሳስተዋል። በራስዎ ቅጽ መሠረት ነጯን መኪና መንዳት ከተከለከሉ ሦስት ሳምንትዎ ነው። የሐኪሟን አድራሻ አያይዣለሁ፤ ምናልባት የእርስዎ ቀላል ሆኖ የአፍ መግጠሚያው ብቻ ይበቃዎት ይሆናል፤ ኳሱን ደግሞ እናቴ ትሰፋልዎታለች። እንግዲህ አርብ ዕለት ሦስተኛውን ሳጥን ሲያሰምሩ ሰፋ አድርገው ያስምሩት፤ ሁለት ጉሮሮ ሊገባበት ነው።