በሩ ላይ የቆሙት እትዬ ጠጋ በሉ

የሳይንስ መምህርቷ እህታችን ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው በ1948 ዓ.ም. ከአባታቸው የእንጨት ሥራ ቤት ጀርባ ባለችው ክፍል ተወለዱ። ለወላጆቻቸው የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀችው ታናሽ እህታቸው ከአራት ዓመት በኋላ ተወለደች። ጽሑፉ እንደ ወጉ አንቱ ይበላቸው እንጂ፣ በሕይወት ሳሉ እሷ አንቺ ነበር የምትላቸው።

በ1955 ዓ.ም. ትምህርት ጀመሩ፤ እስኪጨርሱም ድረስ አንደኛነትን ለማንም አልለቀቁም። ታናሽ እህታቸው እናታቸው ያጠበቡላትን የእሳቸውን አሮጌ ዩኒፎርም ለብሳ ተከተለቻቸው። መምህራኑ ስሟን ለመያዝ አልደከሙም፤ «የእሷ እህት» እያሉ ጠርተው ጨረሷት። ሟች በዚህ ጥፋት የለባቸውም። ቢሆንም ይቆጠቁጥ ነበር፤ ዛሬም ይቆጠቁጣል።

በ1968 ዓ.ም. ከመምህራን ማሠልጠኛ ተመርቀው በአንድ የገጠር ትምህርት ቤት ተመደቡ። ሌላው መምህር ገና ሻንጣውን ሳይፈታ ዝውውር ሲጠይቅ፣ እሳቸው እዚያው ሠላሳ ስድስት ዓመት አስተማሩ። በ1973 ዓ.ም. በዚያ መስመር የሚሠራውን የአውቶቡስ ሹፌር አገቡ። ሹፌሩን መጀመሪያ ያየችው ልትጠይቃቸው የሄደችው ታናሽ እህታቸው መሆኗ ለታሪክ ይመዝገብ። እሷም እዚያው መንደር ሌላ ሰው አግብታ ስፌት ቤት ከፈተች።

ሟች ጠዋት ጠዋት በትምህርት ቤቱ በር ይቆሙ ነበር። ተማሪ ሁሉ እጃቸውን ጨብጦ፣ ፊት ለፊታቸው ቆሞ፣ ሙሉ ስሙን ተናግሮ ነው የሚገባው። አንገቱን ሰበር አድርጎ ሊያልፍ የሚሞክረውን «ጠጋ በል እንጂ፣ አልበላህም!» ይሉታል። እትዬ ጠጋ በሉ የሚለው ቅጽል ስም የወጣላቸው ከዚህ ነው። ትንፋሹ መጠጥ መጠጥ ያላቸውን ልጅ ግን በሰልፍ ፊት አያቆሙትም፣ ከትምህርትም አያባርሩትም። ከትምህርት በኋላ ቤተ ሙከራ አስገብተው ብልቃጥ ያሳጥቡታል፤ እጁ ሥራ ሲይዝ አፉ ይፈታል ይሉ ነበር።

ልጆቹ መጠጥ የሚለምዱት ከቤት መሆኑን የደረሱበትም በዚህ መንገድ ነው። ወላጅ እንግዳ ሲመጣበት ልጁን ጆግ አስይዞ መጠጥ ቤት ይልካል። ልጁ መንገድ ላይ ይጎነጭና የጎደለውን በውኃ ይሞላዋል። በ1985 ዓ.ም. መምህርቷ ቤት ለቤት ዞረው ለልጅ መጠጥ እንዳይቀዳ ወላጁንም ሻጩንም አስፈረሙ፤ «አባቴ ልኮኝ ነው» ያለ ልጅም ቢሆን ባዶ ጆጉን ይዞ ይመለስ ተባለ። የመንደሩ ብረት ሠሪ «በገዛ ልጄ ሊያዙብኝ ነው?» ብሎ እየጮኸ መጣ። «ልጅዎን እንደፈለጉ ይዘዙ። ለጆጉ ግን በእግርዎ ይሂዱ» አሉት። እያጉረመረመ ቢሆንም በእግሩ ሄደ። ስምምነቱ ዛሬም በመንደሩ ይሠራል።

ታናሽ እህታቸውም ፈርማለች። ፈርማ ስታበቃ የራሷን ልጅ መላኳን አልተወችም። ሌላው ልጅ ባዶ ጆግ ይዞ ሲመለስ፣ ለዚህችኛዋ «የመምህርቷ የእህት ልጅ ናት» ተብሎ ያለ ጥያቄ ይቀዳላት ነበር።

በ1990 ዓ.ም. ልጅቷ አሥራ ሦስት ዓመቷ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት አክስቷ በሩ ላይ ጠጋ አደረጓት፤ ከዚያ በኋላ አምስት ወር ሙሉ ብልቃጥ አጠበች፣ መጠጡንም ተወች። እናቷ ተጨማሪ የሳይንስ ትምህርት መስሏት ለደንበኞቿ ስትኩራራ ከረመች።

ከሁለት ዓመት በኋላ በወላጆች ስብሰባ ላይ ልጅቷ መድረክ ወጥታ ሁሉንም ተናገረች፤ አክስቷንም አመሰገነች። እናቷ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ከሰው ጋር አጨበጨበች። ያቃጠላት የመጠጡ ነገር ብቻ ቢሆን በተሻለ ነበር። የበለጠ ያንገበገባት፣ ከሆዷ የወጣች ልጅ ምስጢሯን ለሌላ ሰው ማዋየቷ ነው። ከስብሰባው እንደወጡ «ለምን አልነገርሽኝም?» ብላ ያዘቻቸው።

ሟችም «ብነግርሽ ትመቺያት ነበር» አሏት።

እውነታቸውን ነው፤ ትመታት ነበር። እውነት መሆኑ ግን አላበረዳትም፤ ሁለት ዓመት ተኮራርፈዋል።

ሟች በ2004 ዓ.ም. ጡረታ ወጡ። በ2014 ዓ.ም. ኩላሊታቸውን ሲታመሙ፣ ነርስ የሆነችው ያቺው ልጅ ፈቃድ ወስዳ ቤታቸው ገባች። ታናሽ እህታቸው ሾርባ ሠርታ ስትወስድላቸው «አልራበኝም» ይላሉ፤ ያንኑ ሾርባ ልጅቷ ስታቀርበው ሳህኑን ይጨርሱታል። እህታቸው በሞት አልጋ ላይ ባለ ሰው መቅናት ነውር መሆኑን ታውቃለች። ቀንታለች። ኅዳር 12 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወለዱ በስድሳ ስምንት ዓመታቸው፣ እጃቸው በልጅቷ እጅ ውስጥ እንዳለ ዐረፉ።

ይህ ጽሑፍ ወደ ማተሚያ ቤት ከመሄዱ በፊት ልጅቷ አነበበችው። «የእህታቸው ልጅ» የሚለው ጋ ስትደርስ እስክሪብቶ አንስታ ሰረዘችው።

«እማዬ፣ እናቴ አንቺ ነሽ» አለች። «እዚህ ላይ ግን ልጃቸው ብለሽ ጻፊኝ።»

ከማተሚያ ቤቱ ሁለት ጊዜ ተደውሏል፤ ወረቀቱ ግማሽ ቀን ጠረጴዛ ላይ ዋለ።

ሟች ባለቤታቸውን፣ አንዲት ታናሽ እህትና አንዲት ሴት ልጅ ትተው አልፈዋል። ልጅቷን የወለደችላቸው ታናሽ እህታቸው ናት። ፈጣሪ ነፍሳቸውን ከደጋጎቹ ጎን ያሳርፍልን፤ ልጃቸውንም ያጽናልን።