በእኔ መስመር የገባው ሰው

ማክሰኞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1975 ዓ.ም.፣ ወለንጪቲ

ጠዋት ገበያ ላይ አሥራ ስምንት ኩንታል ቦሎቄ ተረከብኩ። ሁለት ኩንታል እርጥብ ስለነበር መለስኩ።

ገና ከሚዛኑ ሳልነሳ የስልክ ቤቱ ዘበኛ መጥቶ ኦፕሬተሯ ስንታየሁ ትፈልግዎታለች አለኝ። ሄድኩ።

«ጋሼ፣ አሁን ከሱቅዎ ደውለው ነበር?»

«ሱቁ ተቆልፏል። ከማለዳ ጀምሮ ገበያ ነኝ።»

«ጠርጥሬ ነበር! በእርስዎ መስመር አንድ ሰው ገብቶ፣ በስምዎ ከናዝሬቱ መጋዘን አገናኚኝ አለኝ።»

ክው አልኩ። የመጋዘኑ ጠባቂ በስልክ ካዘዝኩት ለመጣው ሰው ያለ ወረቀት ያስረክባል። የዘንድሮ እህሌ በሙሉ እዚያ ነው።

«አገናኘሽው?»

«ምን በወጣኝ! እርስዎ ለመደወል የስልኩን እጀታ ሲያዞሩት ወፍጮ የሚፈጩ ነው የሚመስለው። ይሄ ቀስ ብሎ አዞረ። ትናንት ከማን ጋር ነበር ያገናኘሁዎት ስለው ቶሎ በይ ብሎ ተቆጣኝ። ገመዱን ነቀልኩበት።»

ገመዶቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ ፊት ቆሜ ቀረሁ። እያንዳንዱ ቀዳዳ አንድ ቤት ነው። ሽቦው የእኔ ቢሆንም ሰውየውን አላሳለፈችውም። እኔ ልብ ያላልኩትን የእጄን ጠባይ ይህች ልጅ ከሽቦው ማዶ ሆና ታውቀዋለች። ይህን እየጻፍኩም ይደንቀኛል።

ከሱቁ ጀርባ ሽቦዬ ተልጦ አገኘሁት። የራሱን ስልክ ይዞ መጥቶ ቀጥሎበታል።

ከእንግዲህ ከማገናኘቷ በፊት የምትጠይቀኝን ቃል ተስማምተናል። እዚህ አልጽፈውም። የመጋዘኑን ልማድ የሚያውቁት ጥቂት ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም ዛሬ ሰላም ብለውኛል።

ነገ በመጀመሪያው አውቶቡስ ናዝሬት ሄጄ፣ ያለ ፊርማዬ አንድ ኩንታል እንዳይወጣ ለጠባቂው በአካል መንገር አለብኝ።