የልጄን ክንድ ከእኔ ቀድሞ ላየው ጤና ጣቢያ

ለተከበሩ የጤና ጣቢያችን ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ባልደረቦችዎ ሙሉ ጤንነት እየተመኘሁ፣ በተለይ የባልደረቦችዎ ዓይን ከዚህ በላይ እንዳይበረታ እጸልያለሁ። ይህን ደብዳቤ እንደ ልማዴ በስልኬ አልለቀቅኩትም፤ በወረቀት ጽፌ፣ ተራ የሚጠብቅ ሁሉ እንዲያነበው ከክትባት መርሐ ግብሩ አጠገብ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ ይለጠፍልኝ ዘንድ በትሕትና እጠይቃለሁ።

የሰባት ዓመቷ ልጅ አባት ነኝ። የዚያችው ልጅ። ከወንበር፣ ከደረጃ፣ አንዳንዴም በደልዳላ መሬት ላይ ከምንም የምትወድቀው። «ዛሬስ የት ወደቀች?» የሚለውን የማኅበራዊ ሚዲያ የቪዲዮ ገጽ የከፈትኩት እኔ ነኝ። ዘጠኝ ሺህ ሰው ይከታተለው ነበር፤ ከመካከላቸው የእርስዎ ሠራተኞች እንደሚገኙ ግን አላውቅም ነበር። ቅሬታዎቼም የሚከተሉት ናቸው።

፩. የካርድ ክፍል ሠራተኛዎ ልጄ በመጣች ቁጥር «ደንበኛችን መጣች! ዛሬ ደግሞ ምኗን?» እያለ ያስቀን ነበር፤ እኔም እቀርጸው ነበር። ባለፈው ሰኞ ግን ካርዷን ዝም ብሎ አቀበለኝ። አንድ ሠራተኛ ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቀልዱን ማቋረጡ ተገቢ ነውን?

፪. ነርስዎ ቪዲዮዬን ሳትስቅ አይታዋለች። የልጄ እናት ለሥራ ሌላ ከተማ በሰነበተችበት ሳምንት፣ እሑድ ምሳ ላይ፣ ልጄ በግራ እጇ ማንኪያ ይዛ ስትታገል ቀርጬ «ልጄ ግራኝ ሆነች» ብዬ ለቀቅኩ። በማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ፤ ደሞዝ የሚከፈለኝ ሌላው ያላየውን ግድፈት ስለማይ ነው፤ በዚያ ጽሑፍም ላይ አንድ የፊደል ስህተት አልነበረም። ሦስት መቶ ሰው ሳቀ። ነርስዎ ግን፣ እግዜር ይስጣትና፣ ማንኪያውን ትታ የልጄን ቀኝ እጅ አየች፤ በሹራብ ተሸፍኖ፣ ደረቷ ላይ ተለጥፎ፣ አንዴም ሳይንቀሳቀስ። ሰኞ ጠዋት ለትምህርት ቤቱ ደወለች፤ ትምህርት ቤቱም ልጄን ወደ እናንተ ይዤ እንድመጣ ጠራኝ። ልጄ ከጓሮው ግንብ ላይ የወደቀችው ቅዳሜ ነበር። ክንዷ ተሰብሮ ሦስተኛ ቀኑ መሆኑ ነው። እኔ ያንን ቪዲዮ ከመልቀቄ በፊት አራት ጊዜ አይቼዋለሁ። ሙዚቃውንም የመረጥኩት እኔው ነኝ።

፫. እኔን ከበር ውጭ አስቀርታችሁ ልጄን ብቻዋን ጠይቃችኋታል። በሩ ደግሞ፣ በጀት ሲገኝ ቢታሰብበት፣ ድምፅ አያግድም። «የኔ ቆንጆ፣ ይሄን ሁሉ ሕመም ችለሽ ለምን ለአባዬ አልነገርሽውም?» አለች ነርስዎ። ልጄም፣

«ስልኩን ያመጣል» አለች።

ይኸው ነው። አልከሰሰችኝም። ደመና አይቶ ሊዘንብ ነው እንደሚል ሰው ነበር የተናገረችው። እኔ በኮሪደሩ አግዳሚ ወንበር ላይ፣ ሕፃን ካቀፈች አንዲት እናት አጠገብ፣ ስልኬን በሁለት እጄ ይዤ ተቀምጬ ነበር። ሴትዮዋ ሰማች። ወደ እኔ ላለማየት ብላ የሕፃኑን ኮፍያ ደጋግማ አስተካከለች። ስልኩን ኪሴ ልከተው ብል ኪሴ እንቢ አለኝ።

፬. ጄሶው ሲታሰር አጠገቧ ቆሜ ሳለ አላለቀሰችም። የመድኃኒት ወረቀቱን ይዤ ስወጣ አለቀሰች። ይህኛው ቅሬታ አይደለም። የት እንደማኖረው ቸግሮኝ ቁጥር ሰጠሁት።

ገጹን በዚያው ምሽት ዘግቼዋለሁ። ይህን የጠቀስኩት ምስጋና ፈልጌ እንዳይመስልብኝ እሰጋለሁ፤ ምናልባትም ፈልጌ ይሆናል፤ ለአምስት ዓመት በየቀኑ ሲመሰገን የኖረ ሰው ቶሎ አይለቀውም። ይልቁን እኔ ላመስግን። አንድ አባት በገዛ ማዕዱ ላይ ሊያየው የሚገባውን ጤና ጣቢያው ከሩቅ እያየ ስለሚያግዘው፣ አባትየው ዓይኑን እንዲያሳርፍ ለተደረገለት ትብብር ውለታዎ አለብኝ።

ለመሥሪያ ቤትዎ ካለኝ የላቀ አክብሮት ጋር፣ በኮሪደርዎ ሳልፍ አንገቴን ደፍቼ እጅ የምነሳው፣ የልጁን የካርድ ቁጥር በቃሉ የሚያውቀው ሕመሟን ግን ከሰው የሰማው አባት።

ድኅረ ጽሑፍ፦ በካርዷ ላይ «አደጋ ሲደርስ የሚጠራ ሰው» በሚለው መስመር የእኔ ስም ተሰርዞ፣ በልጄ ጥያቄ፣ እማማ የምትላቸው የትምህርት ቤቷ የጽዳት ሠራተኛ ስም መግባቱን አይቻለሁ። ስሜ በአስቸኳይ እንዲመለስ ማመልከቻ ጽፌ መስኮታችሁ ድረስ መጥቼ ነበር። ተራዬ ሲደርስ ከኋላዬ ላለው ሰው ለቀቅኩ። ልጄ ራሷ መልሱት እስክትል ድረስ እባካችሁ አትመልሱት። ምክንያቷን አላስጻፈችም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ፤ እማማ ሲጠሯቸው ባዶ እጃቸውን ነው የሚመጡት።