የቀደድኩት ከበሮ

ጥቅምት 11 ቀን 1960፣ እሑድ

የሚጽፈው እጅ የልጄ የብርቅዬ ነው፤ ቃሉ የኔ የይገዙ።

ዛሬ ከቅዳሴ በኋላ አባ አምሐ ተናገሩ። ከሮማ ተፈቅዷል አሉ። የላቲኑ መዝሙር ቀርቶ በአማርኛ ይሁን፤ ኦርጋኑ ዕቃ ቤት ይግባ፤ በሱ ፈንታ ከበሮ ይመታ። ወጣቶቹ አጨበጨቡ። ተነስቼ ወጣሁ።

ጎረቤቴ ዱባለ ከኋላዬ ይስቃል። «ምነው ጋሼ፣ የፈረንጅ ዕቃ ናፈቀዎት?»

ምን ያውቃል እሱ... ንዴቴ እስኪበርድ ዘነበወርቅ ድረስ በእግሬ ሄድኩ። አልበረደም።

ጥቅምት 13

ለብርቅዬ ዛሬ ነገርኳት። አታውቅም ነበር። ከምባታ ሳለሁ ከበሮ መቺ ነበርኩ፤ ሰርግ ያለኔ አይደምቅም። ከበሮውን የሠራልኝ አባቴ ነው። ልጠመቅ ስል ፈረንጁ ካህን «ወይ ከበሮው ወይ ጥምቀቱ» አሉኝ። የጣዖት ነው አሉ። ደጃፋቸው ላይ ቆዳውን በቢላ ቀደድኩት። አባቴ እስኪሞት አላናገረኝም።

አሁን የእግዜር ሆነ? ከበሮው መቼ ተጠመቀ?

ጥቅምት 18፣ እሑድ

ብርቅዬ ሄዳ ነግራቸው ኖሯል፤ አባ አምሐ ቤት መጡ።

«አባባ፣ እርስዎ ቢመቱልንስ?»

«አባቴን ያስነሱልኛል?»

«ያን ጊዜ እኔ አልነበርኩም» አሉ።

«ቤተ ክርስቲያኗ ነበረች። ያን ጊዜም በሷ ስም ነው የታዘዝኩት።»

ሳይቀመጡ ሄዱ። ብርቅዬ ተቆጣች። ካህን እንዲህ ይባላል? ይባላል። ጻፊው።

ጥቅምት 21

ቅዳሴ አልሄድም ብያለሁ።

ጥቅምት 25፣ እሑድ

ሄድኩ... በነሱ ምክንያት ከቁርባን ልቀር ነው እንዴ?

አባ አምሐ ስብከታቸውን አቋርጠው ስሜን ጠሩ። «የኚህን ሰው ከበሮ ያስቀደድነው እኛ ነን። በድለናል። አባባ፣ ይቅር ይበሉን» አሉ። ሕዝቡ ፊት፣ ጎንበስ ብለው።

ይቅር ብያለሁ። ከበሮውን ግን አልነካሁም፤ ወጣቶቹ ይምቱት። አባ አምሐን ሲወጡ በር ላይ ያዝኳቸው።

«ኦርጋኑስ?»

«እንዴ፣ ደግሞ ኦርጋኑ ምን ሆነ?»

«ከበሮህን ቅደድ አላችሁኝ፤ ቀደድኩ። በሱ ምትክ ይህን ሰጣችሁኝ። ልጆቼን በሱ ዳርኩ፣ ሚስቴን በሱ ቀበርኩ። አሁን እሱንም ልትነጥቁኝ ነው? ነገ ደግሞ የትኛው ካህን መጥቶ ይቅርታ ሊጠይቀኝ?»

አንገታቸውን ደፉ። «ለቁርባን ሰዓት ይመለስ?»

«ይመለስ።»

ከዱባለ ጋር ኦርጋኑን ከዕቃ ቤት ተሸክመን አወጣነው። አቧራውን በጋቢዬ ጠረግኩ።

በይ አንብቢልኝ። አባ አምሐ ሕዝቡ ፊት ያሉትን ሁለት ጊዜ።